እግር ያልረገጠው መሰላል

መሰላል ከጎተራ ሥር ተነሥቶ ሳሎን ገብቷል። ቀድሞ ከጣራ ጠርዝ ተደግፎ ይታይ የነበረው፣ ጭቃና ጭድ የለበሰው፣ ዝናብ ሲመጣም ደጅ የሚያድረው ይህ መሣሪያ በብዙ አገሮች ከተሞች የቤት ጌጥ ከሆነ ሰንብቷል። አሠራሩ የታወቀ ነው። ከነቅርፊታቸው የተቆረጡ ሁለት ረዣዥም ቅርንጫፎች ይቆማሉ፤ አምስት ወይም ስድስት ቀጫጭን እንጨቶች በመካከላቸው ይጋደማሉ፤ መጋጠሚያው በምስማር ይመታና ምስማሩ እንዳይታይ የቃጫ ገመድ ይጠመጠምበታል። ከዚያም ፎጣ፣ ብርድ ልብስ፣ አበባ ወይም ጥቃቅን አምፖል ይሰቀልበታል። ማንም አይወጣበትም፤ ልውጣ የሚል ቢኖርም ከሁለተኛው መርገጫ በላይ የሚያደርሰው አይመስልም።

ይህን ዐይነቱን ጌጥ በአንድ ቃል ማጣጣል ለሐያሲ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይሆንም። የሰው ዐይን በመጋዝ ከተሰነጠቀ ጣውላ ይልቅ ዛፉ ራሱ ያጎበጠውን እንጨት መውደዱ ነውር የለበትም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ይኸውም መሰላል መውጫነቱ ሲቀር ምን ይቀርለታል የሚለው ነው። ጌጥነቱ ብቻ ነውን? ወይስ አንድ መሣሪያ ከአገልግሎት ከተላቀቀ በኋላም የሚናገረው ቁም ነገር ሊኖረው ይችላል? ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት ጠንካራ መልሶች አንዱ፣ አሜሪካዊው ቀራፂ ማርቲን ፒዩሪር በ1996 የሠራው «መሰላል ለቡከር ቲ. ዋሽንግተን» የተሰኘው የእንጨት ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው ዛሬ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት፣ በፎርት ወርዝ ከተማ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ የሚኖር ሲሆን፣ እርሱም እንደዚያ የሳሎን ጌጥ ሁሉ ከተፈጥሮ እንጨት የተሠራ፣ ማንም የማይወጣበት መሰላል ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማስረዳት የቻለ ሰው ስለ ጌጥና ስለ ኪነ ጥበብ ልዩነት ጥቂት ነገር አስረዳ ማለት ነው።

ለዚህም በቅድሚያ የመሰላልን አሠራር ማወቅ ይገባል፤ ስለዚህ ሥራ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ዘለው የሚያልፉት ይህንኑ ነውና። ከተፈጥሮ እንጨት መሰላል የሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ችግሩ ጥንድ ማግኘት ነው። ዛፍ እንደ ሸምበቆ ቀጥ ብሎ አያድግም፤ አንዱ ወደ ግራ ሲያዘነብል ሌላው ወደ ቀኝ ይጎብጣል። ለየብቻ የበቀሉ ሁለት እንጨቶች ቢገጣጠሙ የመርገጫዎቹ ርዝመት ይዘበራረቃል፤ ሲደርቁም እያንዳንዱ በራሱ አቅጣጫ ስለሚጠማዘዝ መሰላሉ ወልጋዳ ይሆናል። የኢትዮጵያ የገጠር ሰው ይህን ችግር የሚወጣው በዐይኑ ነው። እንጨቶቹን ጎን ለጎን አጋድሞ፣ አገላብጦ፣ አንዱን ጥሎ ሌላውን አንሥቶ፣ የሚቀራረቡትን ሁለቱን ይመርጣል፤ መርገጫውንም በጠፍር ወይም በልጥ ጠፍሮ ያስረዋል። ባሕር ዛፍ ከተስፋፋ ወዲህ አጠናና ምስማር ይህን ሥራ አፍጥነውታል። በከተማ ግንባታ ላይ የሚታየው የአጠና መሰላል በአንድ ጠዋት ተሠርቶ እዚያው ቀን ሰው ይወጣበታል፤ ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ የሚሰነጠቅ እንጨት ስለ ሆነ ምስማሩ ብዙ ሳይቆይ መላላቱ አይቀርም። በማሊ የባንዲያጋራ ገደል አጠገብ የሚኖሩት ዶጎኖች ደግሞ የጥንዱን ችግር ከነጭራሹ አስወግደውታል። ጫፉ ላይ ባላ ያለው አንድ ግንድ ያገኙና በወገቡ ላይ ደረጃ ደረጃ አድርገው ይፈለፍሉታል፤ ባላው ከጎተራው ጣራ ላይ ሲያርፍ ግንዱ እንዳይንከባለል ይይዘዋል። (እነዚህ የዶጎን መሰላሎች ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ለቤት ማስጌጫ ይሸጣሉ። ገዢዎቻቸው ግድግዳ አስደግፈው ያቆሟቸዋል እንጂ ወደ የትኛውም ጎተራ አይወጡባቸውም።)

ከእነዚህ ሌላ በአውሮፓ ገጠሮች የቆየ አንድ ዘዴ አለ። አንድ ቀጭን ረዥም ዛፍ ይቆረጥና ከሥሩ እስከ ጫፉ ለሁለት ይሰነጠቃል። ሁለቱ ግማሾች የአንድ ዛፍ ልጆች ስለ ሆኑ አንዱ በጎበጠበት ሌላው ይጎብጣል፤ ሲደርቁም አብረው ይደርቃሉ። መሰላሉ ጠማማ ቢሆንም ጠማማነቱ የተስማማ ነው። በቋሚዎቹ ላይ ቀዳዳ ይበሳና የመርገጫዎቹ ጫፍ ተጠርቦ ይገባበታል። ደረቅ መርገጫ ገና እርጥበት ባለው ቋሚ ውስጥ ሲሰካ፣ ቋሚው እየደረቀና እየተኮማተረ ሲሄድ መርገጫውን አንቆ ይይዘዋል። ምስማር የእንጨትን ጠባይ ሳይጠይቅ የሚገባ ሲሆን ይህ ዘዴ ግን የእንጨትን ጠባይ ራሱን ማሰሪያ ያደርገዋል። ፒዩሪር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ አገር፣ የቀራፂው አሌክሳንደር ካልደር በነበረው የሥራ ቤት ተቀምጦ ሲሠራ የአካባቢው ሰዎች በእጃቸው የሠሯቸውን መሰላሎች አይቶ ተመስጦባቸው ነበር።

የፒዩሪር መሰላል ርዝመቱ 11 ሜትር ያህል ነው። ቀራፂው በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ከሚገኘው መሬቱ ላይ «አሽ» የተባለ ለጋ ዛፍ ቆርጦ በቁመቱ ለሁለት ሰነጠቀው። አሽ ከወይራ ጋር የአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ አባል ነው፤ ጅማቱ ረዥም፣ ሲመታ በቀላሉ የማይሰበር በመሆኑ የመሣሪያ እጀታና የጀልባ መቅዘፊያ ይሠራበታል። ወይራን ለዱላና ለእጀታ የሚመርጥ ሰው የአሽን ጠባይ ሳያየው ሊገምተው ይችላል። ሁለቱ ግማሾች ተልገውና ተወልውለው ቋሚ ሆኑ፤ ቀራፂው ግን አላቀናቸውም። ዛፉ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እያለ ያደገበት መንገድ በሁለቱም ላይ እንዳለ ስለ ቀረ አንዱ የሌላው ጥላ ይመስላል። መርገጫዎቹ ሜፕል ከተባለው እንጨት የተጠረቡ፣ ክብ፣ መካከላቸው ወፈር ጫፋቸው ቀጠን ያለ ሲሆን በቶርኖ የወጣ የጥንት ወንበር እግር ያስታውሳሉ። እያንዳንዳቸው በቀዳዳቸው ውስጥ ገብተው ተይዘዋል። ምስማርን የሚሸሽግ ገመድ በዚህ መሰላል ላይ የለም፤ የሚሸሸግ ነገር ስለሌለ ነው።

እስከዚህ ድረስ ፒዩሪር ጥሩ አናጢ ነው። ቀራፂነቱ የሚጀምረው በልኩ ላይ ነው። የመሰላሉ ግርጌ 60 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስፋት አለው፤ ወደ ላይ እየሄደ ግን ቋሚዎቹ ይቀራረባሉ፣ መርገጫዎቹም ያንሳሉ፣ በመጨረሻም ጫፉ ላይ ስፋቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ይሆናል። ሠዓሊዎች ርቀትን ለማሳየት በሸራ ላይ የሚጠቀሙበትን ዘዴ ፒዩሪር በእንጨት ሠራው። የሚርቅ ነገር ለዐይን እያነሰ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ይህ መሰላል በእውነት እያነሰ ስለሚሄድ ለዐይን የሚርቅ ይመስላል። 11 ሜትሩ 20 ወይም 30 ሜትር መስሎ ይታያል። በዚህ ላይ መሰላሉ መሬት አይነካም። በቀጫጭን ሽቦዎች ከጣራና ከግድግዳ ተወጥሮ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ሊወጣበት የሚሻ ሰው ሁለት ጊዜ ይከለከላል። የመጀመሪያውን መርገጫ ለመርገጥ ቀድሞ ከመሬት መነሣት አለበት፤ ተነሥቶ ቢጀምርም እየወጣ በሄደ መጠን የሚቆምበት ቦታ ይጠብበታል፣ በመጨረሻም አንድ ጣት እንኳ የማያሳርፍ ይሆናል። ክልከላው በላይም በታችም ነው፤ በመካከሉ ያለው ግን ያማረ፣ ጠንካራ፣ እውነተኛ መሰላል ነው።

እንዲህ ያለውን እጅ ፒዩሪር ያገኘው ከአንድ ትምህርት ቤት አይደለም። በ1941 በዋሽንግተን ከተማ ተወልዶ በወጣትነቱ ጊታርና ጀልባ ሲሠራ የነበረ ሰው ነው። ከ1964 እስከ 1966 በአሜሪካ የሰላም ጓድ አባልነት ሴራሊዮን ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በዚያም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሳይኖራቸው በእጅ መሣሪያ ብቻ የሚሠሩ አናጢዎችን ሥራ ተመለከተ፣ ከእነርሱም ተማረ። ቀጥሎ ስቶክሆልም በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ የኅትመት ሥዕል ሲያጠና ጀምስ ክሬኖቭ ከተባለው የታወቀ የእንጨት ዕቃ ሠሪ ዘንድ ሥራ ተመልክቷል። በ1971 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በቅርፃ ቅርፅ ተመረቀ። መምህር ሆኖ ሄዶ ተማሪ ሆኖ መመለሱ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደስተው ክፍል ነው።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነውና።

ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በ1856 በቨርጂንያ በባርነት ተወለደ። ነፃነት ከታወጀ በኋላ በጨው ማብሰያና በከሰል ማዕድን ሲሠራ ቆይቶ በ1872 ትምህርት ፍለጋ ወደ ሃምፕተን ብዙውን መንገድ በእግሩ ተጓዘ። ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው የመግቢያ ፈተናው አንድ ክፍል መጥረግ ነበር። ክፍሉን ሦስት ጊዜ ጠርጎ አራት ጊዜ ወለወለው፤ መምህርቷም በመሐረብ ፈትሻ አቧራ ስታጣ ተቀበለችው። በ1881 በአላባማ የተስኪጊን ትምህርት ቤት እንዲመራ ተመረጠ። ተማሪዎቹ የራሳቸውን ጡብ ሠርተው የራሳቸውን ክፍል እንዲገነቡ አደረገ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጡብ እሳቶች ሲከሽፉ ለአራተኛው መነሻ እንዲሆን ሰዓቱን በመያዣ አስይዞ ገንዘብ ተበደረ፤ አራተኛው ተሳካ። አናጢነት፣ ግንበኝነት፣ እርሻ፣ የጋሪ ሥራ በተስኪጊ ከፊደል ጋር እኩል የሚሰጡ ትምህርቶች ነበሩ። በ1895 በአትላንታ ባደረገው ዝነኛ ንግግር ሕዝቡ ኑሮውን ከሥር እንጂ ከላይ መጀመር እንደሌለበት፣ በሥራና በሀብት ራሱን ሲያስከብር መብቱ በጊዜው እንደሚመጣ፣ እስከዚያ ግን በማኅበራዊ ኑሮ ተለያይቶ መኖሩን መታገሥ እንደሚገባ ተናገረ። የመሰላል ፖለቲካ ማለት ይህ ነው። በአንድ እርከን ላይ ቆመህ ቀጣዩን ጠብቅ ይላል።

በዓመቱ፣ በ1896፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ተለያይቶ እኩል» መኖር ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ። ስለዚህም ጥቁሮች ጡቡን ሠርተው፣ ቤቱን ገንብተው፣ ትምህርቱን ተምረው ሲያበቁ በሩ በሕግ ተዘጋ። ዊልያም ዱቦይስ በ1903 ዋሽንግተንን በጽሑፍ የተቸው ለዚህ ነው፤ የምርጫ ድምፅን፣ የዜግነት መብትንና ከፍተኛ ትምህርትን ለጊዜው ተው ማለት የሚወጣበትን መሰላል መቁረጥ ነው የሚል መንፈስ ያለው ክስ ነበር። ያ ውሳኔ በትምህርት ቤቶች ላይ የተሻረው በ1954 ሲሆን ፒዩሪር ያን ጊዜ ገና 13 ዓመት አልሞላውም። ነገር ግን ለፍርድ ሚዛን ሲባል አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ዋሽንግተን በአደባባይ ትዕግሥትን ሲሰብክ በስውር የመብት ክሶችን በገንዘብ ይረዳ እንደ ነበር ከሞቱ ብዙ ዓመታት በኋላ ከደብዳቤዎቹ ታውቋል።

ይህን ታሪክ ይዞ ወደ መሰላሉ የሚመለስ ተመልካች ሁለት መንገድ ያገኛል። የመጀመሪያው ሥራውን እንደ ፌዝ መረዳት ነው። ዋሽንግተን የሰጠው መሰላል መሬት የማይነካ፣ ጫፉም ሰው የማያሳልፍ ነው፤ ስለዚህ ቀራፂው በዋሽንግተን ላይ ፈረደ ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የቀራፂውን የራሱን ቃል የሚከተል ነው። ፒዩሪር ስሙ ሥራው ካለቀ በኋላ የመጣ መሆኑን፣ መነሻው ለጋውን ዛፍ መጠቀምና ርቀትን በእንጨት መፍጠር እንደ ነበር ተናግሯል። ይህን የሚይዙ ሰዎች ታሪኩን እንደ ተለጣፊ ቆጥረው ስለ ቅርፅ ብቻ ያወራሉ።

ሁለቱም መንገዶች አጭር ናቸው። ፌዝ ነው የሚለው ወገን የመሰላሉን አሠራር አላየም። የሚያፌዝ ሰው አሽን ሰንጥቆ፣ እያንዳንዱን መርገጫ ጠርቦ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ አይገጥምም፤ ፌዝ ለምስማርና ለገመድ ይበቃዋል። ከዚህ ይልቅ በዚህ መሰላል ላይ ያለው እጅ ዋሽንግተን በተስኪጊ ሊያስተምረው የፈለገው እጅ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ እንጨቱን የሚያከብር፣ በዐይን የማይታየውን መጋጠሚያ እንኳ በቅጡ የሚሠራ። እንግዲህ ይህ ሥራ ዋሽንግተንን በእጁ ያከብረዋል፣ በቅርፁ ይከሰዋል። ሙያው እውነት ነበር፤ ሙያው ያደርሳል የተባለበት ቦታ ግን እየጠበበ የሚሄድ ሆነ። ክሱ ኃይል የሚያገኘውም አክብሮቱ እውነተኛ በመሆኑ ነው። መሰላሉ በግዴለሽነት ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ አለመውጣቱ የማንም ጥፋት አይሆንም ነበር፤ ደካማ መሰላል አይወጣም፣ አለቀ። ይህ ግን ከ11 ሜትር ርዝመቱ በአንዱም ላይ የሙያ ጉድለት የማይገኝበት መሰላል ነው። ታዲያ ለምን አይወጣም? ተመልካቹ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ከእንጨቱ ውጭ ያለውን ነገር ነው።

ቅርፅ ብቻ የሚለው ወገን ደግሞ የቀራፂን ቃል ከቀራፂ ሥራ በላይ አድርጎታል። ስም ከልደት በኋላ ይወጣል፤ ዘግይቶ የወጣ ስም ሁሉ ሐሰት ነው የሚል ግን የለም። ፒዩሪር መሰላሉን ሠርቶ ሲጨርስ በፊቱ የተንጠለጠለው ነገር ማንን እንደሚመስል አየ፤ ያየውንም ጠራው።

የሥራው ጠቀሜታ ይበልጥ የሚገለጸው በተስኪጊ ግቢ ውስጥ ከቆመው የዋሽንግተን ሐውልት ጋር ሲነጻጸር ነው። ቻርልስ ኬክ በ1922 የሠራው ይህ የነሐስ ሐውልት ዋሽንግተንን ቆሞ፣ በእርፍና በመስፈ አጠገብ ከተቀመጠ ሰው ላይ የድንቁርናን መጋረጃ ሲያነሣ ያሳያል። ሐሳቡ ግልጽ፣ አሠራሩ የተሟላ፣ ዓላማው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ሁሉን ነገር ራሱ ተናግሮ ስለ ጨረሰ ለተመልካቹ ያስቀረለት የለም። በተስኪጊ የተማረው ደራሲ ራልፍ ኤሊሰን በ1952 ባሳተመው ልብ ወለዱ ውስጥ አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ ሐውልት ፊት ያቆምና መጋረጃው እየተነሣ ይሁን ወይስ ይበልጥ እየተጣለ መለየት እንዲያቅተው ያደርጋል። ሐውልቱ ያላሰበውን ጥርጣሬ ደራሲው ከውጭ አምጥቶ ጨመረለት ማለት ነው። ፒዩሪር ግን ጥርጣሬውን ከእንጨቱ ጋር አብሮ ሰነጠቀው። ፊት፣ ልብስ፣ ምልክት፣ የተዘረጋ እጅ የለም፤ አንድ የቤት መሣሪያ አለ። ታላላቅ ሰዎችን በሐውልት ማስታወስ በሚወደድበት አገር ሁሉ ይህ ልዩነት ሊታሰብበት ይገባል።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህ ሥራ ሌላ በር አለው። በግእዝ መሰላል «ሰዋስው» ይባላል፤ የቋንቋ ሕግ ትምህርትም ሰዋስው ይባላል። ስያሜው የመጣው ከግብፅ ነው፤ የግብፅ ክርስቲያን ሊቃውንት የቅብጥን ቋንቋ በዐረብኛ ለማስተማር ያዘጋጇቸውን መጻሕፍት በዐረብኛ «ሱለም»፣ ማለትም መሰላል፣ ይሏቸው ነበር። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቅ የግእዝ መዝገበ ቃላት በርእሱ ላይ ይህንኑ ቃል ይዟል። በየትምህርት ቤቱ «የሰዋስው ክፍለ ጊዜ» የሚል መምህር ሁሉ ሳያስበው «የመሰላል ክፍለ ጊዜ» እያለ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊትም ያዕቆብ በሕልሙ ያየው መሰላል የእመቤታችን ምሳሌ ሆኖ ይወደሳል፤ ያንኑ የያዕቆብ መሰላል የአሜሪካ ባሮችም በመዝሙራቸው ይዘምሩት ነበር። እንግዲህ መሰላል በሁለቱም ሕዝብ ዘንድ ከዕቃነት አልፎ የተስፋ ስም ነው፤ የፒዩሪር መሰላል የሚነካውም ይህንኑ ነው። የያዕቆብ መሰላል እግሩ በምድር ላይ ተተክሎ ነበር፤ የዚህኛው እግር አልተተከለም።

ከተስኪጊ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ አንድ መንገድም ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት የመኪና መካኒክነት የተማረው ጆን ሮቢንሰን በኋላ አብራሪ ሆኖ በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የኢትዮጵያን ትንሽ አየር ኃይል መራ፤ ከነፃነት በኋላ በ1944 ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ በ1954 ከአውሮፕላን አደጋ በኋላ አዲስ አበባ ላይ አረፈ። የተስኪጊ የእጅ ሙያ ለእርሱ የምር መሰላል ሆነለት፤ ነገር ግን ከፍ ብሎ የአየር ኃይል አዛዥ የሆነው በአላባማ ሳይሆን ውቅያኖስ ተሻግሮ ነው። የራሱ አገር ሠራዊት ያን ጊዜ ጥቁር አብራሪ አይቀበልም ነበር። የፒዩሪርን መሰላል ከጨለምተኝነት የሚጠብቀውም፣ ከቀላል ተስፋም የሚከለክለው እንዲህ ያለው የሕይወት ታሪክ ነው።

ሥራው እንከን የለበትም ማለት አይደለም። አንደኛ፣ ስሙ ከባድ ነው። ስለ ዋሽንግተን የሚያውቅ ሰው ስሙን ካነበበ በኋላ እንጨቱን ለማየት ይቸገራል፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ ስሙን እንደ መታሰቢያ ጽሑፍ አንብቦ ያልፋል። ሁለቱም ከመርገጫዎቹ ቅርፅና ከቋሚዎቹ ጉብጠት ቀድመው ወደ ትርጉም ይሮጣሉ። ሁለተኛ፣ ሥራው ቦታ መራጭ ነው። በ2007 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በተደረገው የፒዩሪር ዐቢይ ዐውደ ርእይ መሰላሉ በሕንፃው ከፍተኛ መካከለኛ አዳራሽ ተሰቅሎ ነበር፤ እንዲህ ያለ ከፍታ የሌለው ቤት ሊያስተናግደው አይችልም። መታየት ያለበት በብዙ ሰው ሆኖ ሳለ ሊታይ የሚችለው በጥቂት ቦታ ብቻ መሆኑ ጉድለት ነው፤ ጉድለቱ ግን የቀራፂው ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ችግር ከዚህ ይመነጫል። አብዛኛው ሰው ይህን ሥራ የሚያውቀው በፎቶግራፍ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሰብአዊ ጥናቶች ድርጅት በ2008 ለትምህርት ቤቶች ባሠራጨው የሥነ ጥበብ ሥዕሎች ስብስብ ውስጥም ተካቷል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ፎቶግራፍ ራሱ ርቀትን በማሳነስ የሚያሳይ በመሆኑ የፒዩሪርን ዘዴ ይሰርቅበታል። በወረቀት ላይ ጫፉ ያነሰው መሰላሉ ስላነሰ ይሁን ወይስ ስለ ራቀ አይለይም። ተመልካቹ የሚታለለው በአዳራሽ ውስጥ ሆኖ ቀና ሲል፣ ቀጥሎም መታለሉን ሲያውቅ ነው፤ በወረቀት ላይ ግን መታለሉንም ሳያውቅ ያልፋል።

ሥዕሉን በክፍል ውስጥ የሚያሳይ መምህር ለዚህ መላ አያጣም። የትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ ገመድና ኖራ ይበቃሉ። 11 ሜትር ይለካል፤ በአንዱ ጫፍ 58 በሌላው ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ተለክቶ ሁለት መስመሮች በኖራ ይሰመራሉ። ተማሪዎቹ ከሰፊው በኩል ገብተው በመስመሮቹ መካከል አንድ በአንድ ይራመዱ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ልጅ ጎን ለጎን ሊቆም ይችላል፤ በአምስተኛው ሜትር አካባቢ አንድ ልጅ ብቻውን እንደ ልቡ ያልፋል፤ ከስምንተኛው ሜትር ጀምሮ ግን ሁለት እግርን ጎን ለጎን ማሳረፍ እያቃተ ይመጣል፣ አንዱን ከሌላው ፊት ማስቀደም ግድ ይሆናል። የመጨረሻው ሜትር ላይ ሲደርሱ አብዛኞቹ ቆመው ወደ ኋላ ዞር ብለው የመጡበትን ይመለከታሉ።